እማማም ጅረቱን እንዲያዩ

ባለፈው ዓመት አያቴን ይዘን ወደ አንድ መናፈሻ ሄድን። እማማ ነው የምንላቸው፤ የሚንቀሳቀሱት በዊልቸር ነው። ልጆቹ ጅረቱን ለማየት ሮጡ። ጅረት ማለት ትንሽ ወንዝ ነው። መንገዱ ግን ጠጠርና የዛፍ ሥር የበዛበት ስለነበር ጎማው አላልፍ አለ። እማማም «እናንተ ሂዱ፤ እኔ እዚሁ ፀሐይ እሞቃለሁ» ብለው መኪናው አጠገብ ቀሩ። እኛ ሄድን፤ ደስታችን ግን ጎዶሎ ነበር።

ለመሆኑ፣ ሁሉም ሰው የሚሄድበት መንገድ እንዴት ይታቀዳል?

አንደኛ፣ ስፋቱ። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በ2013 እ.ኤ.አ. ለራሱ መናፈሻዎችና ደኖች ያወጣው መመሪያ፣ መንገዱ ቢያንስ 91 ሳንቲ ሜትር ይስፋ ይላል። መንገዱ ጠባብ ከሆነ፣ ሁለት ዊልቸሮች የሚተላለፉበት ሰፋ ያለ ቦታ በየ300 ሜትሩ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ ዳገቱ። 20 ሜትር ስንሄድ ከፍታው ከ1 ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው። ከዚያ የባሰ ዳገት አጭር መሆን አለበት፤ ማረፊያም ያስፈልገዋል።

ሦስተኛ፣ መሬቱ። ጅረት አጠገብ ብዙ ጊዜ ረግረግ አለ፤ ጎማ ይሰምጣል። ስለዚህ በቋሚዎች ላይ የጣውላ መንገድ ይሠራል። ውሃውና እንቁራሪቱ ከሥር፣ እኛ ከላይ እናልፋለን። ጣውላዎቹ የሚደረደሩት በአግድም ነው። በቁመት ቢደረደሩ ጎማው በመካከላቸው ሊገባ ይችላል። ክፍተታቸውም ከ13 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም።

በቨርጂኒያ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ በስተደቡብ፣ ሀንትሊ ሜዶውስ የሚባል ፓርክ አለ። በረግረጉ ላይ 800 ሜትር ያህል የጣውላ መንገድ ተሠርቶበታል። እማማን ወደዚያ ወሰድናቸው። ኤሊዎች ግንድ ላይ ተደርድረው ሲያዩ ሳቁ። «እነዚህም እንደኔ ፀሐይ ይሞቃሉ!» አሉ።

ልጆች፣ በከተማችሁ አዲስ መናፈሻ ሲታቀድ ብዙ ጊዜ ነዋሪዎች ተሰብስበው ሐሳብ ይሰጣሉ። አያቶቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። እነሱ በአማርኛ ይናገሩ፤ እናንተ ተርጉሙላቸው። «ሳይቃጠል በቅጠል» ይባላል። መንገዱ ከተሠራ በኋላ ከማፍረስ፣ ገና በወረቀት ላይ ሳለ መናገር ይሻላል።

በዚህ ሳምንት አያቶቻችሁን አንድ ነገር ጠይቁ፦ «ማየት እየፈለጉ መንገዱ ያልተመቸዎት ቦታ የት ነው?»