ስልኩን ከደበቀ… ሌላ ሴት አለችው ማለት ነው?

ለዛሬ የመረጥነው ደብዳቤ ቀለበት ካሰረች አምስት ወር ከሆናት ወጣት የተላከ ነው። «ጓደኛዬ ‹ወንድ ልጅ ሌላ ሴት ከያዘ ስልኩን ይደብቃል› አለችኝ። ስከታተለው እውነትም እጮኛዬ ሰሞኑን እኔ ስገባ ስልኩን ገልብጦ ያስቀምጣል። በቃ፣ ነገሩ ገባኝ። ቀለበቱን ልመልስለት ነው፤ ትክክል ነኝ?» ትላለች።

እህታችን፣ ቀለበቱን ከማውለቅሽ በፊት እስቲ አንድ አፍታ ታገሺን። ነገሩን ያበላሸችው «ከያዘ» ውስጥ ያለችው «ከ» ናት። የሒሳብ ሰዎች ይህችን ቃል በጣም ይጠነቀቁላታል። «ዝናብ ከዘነበ አስፋልቱ ይረጥባል» እንበል። እውነት ነው። ታዲያ አስፋልቱን ረጥቦ ብታገኚው የግድ ዘንቧል ማለት ነው? ቧንቧ ፈንድቶ ቢሆንስ? መኪና አጣቢዎች ውኃ ደፍተውበት ቢሆንስ? «አልዘነበም፤ ስለዚህ ደረቅ ነው» ማለትም በዚሁ ምክንያት አያስኬድም። የሚያስኬደው አንድ ነው፦ አስፋልቱ ደረቅ ከሆነ አልዘነበም።

በዚህ የምትሳሳቺው አንቺ ብቻ አይደለሽም። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ዋሰን እ.ኤ.አ. በ1966 ያቀረበው ፈተና ዝነኛ ነው። አራት ካርዶች አሉ፤ በአንድ ገጻቸው ፊደል፣ በሌላው ቁጥር ተጽፎባቸዋል። ከላይ የሚታዩት አናባቢ ፊደል፣ ተነባቢ ፊደል፣ 4 እና 7 ናቸው። «በአንዱ ገጽ አናባቢ ካለ በሌላው ተጋማሽ ቁጥር አለ» የሚለው አባባል ልክ መሆኑን ለማጣራት የትኞቹ ይገለበጡ? ብዙዎች «አናባቢውና 4» ይላሉ። መልሱ ግን አናባቢውና 7 ነው። ከ4 ጀርባ ማንኛውም ፊደል ቢገኝ አባባሉ አይፈርስም፤ ከ7 ጀርባ አናባቢ ከተገኘ ግን አበቃለት። በትክክል የመለሱት ከመቶ አሥር እንኳ አይሞሉም ነበር።

የተገለበጠው ስልክ ያንቺ 4 ቁጥር ነው። ከጀርባው ሌላ ሴት ልትኖር ትችላለች። ብድር፣ የቤተሰብ ገመና፣ ወይም ለሰርጋችሁ በድብቅ የሚያዘጋጀው ነገርም ሊኖር ይችላል። ስልኩ ብቻውን አይፈርድም።

ይህን ስንል «ንጹሕ ነው» አላልንም። የጓደኛሽም አባባል ቢሆን መፈተሽ አለበት። ሌላ ሴት ይዞ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ የሚቀመጥ አንድ ወንድ ከተገኘ አባባሉ ራሱ ወደቀ፤ ያ ነው 7 ቁጥሩ። እንዲያ ከሆነ ደግሞ ያልተደበቀ ስልክም ዋስትና አይሆንሽም።

ስለዚህ ምክራችን አጭር ነው። ከጓደኛሽ ሳይሆን ከራሱ ጠይቂ። «ሌላ ሴት አለችህ» ብለሽ በፍርድ አትጀምሪ፤ ያየሽውን ብቻ ንገሪው፦ «ስገባ ስልክህን ትገለብጣለህ፤ ለምንድን ነው?» ከዚያ መልሱን መዝኚ። መልሱ ካላጠገበሽ ቀለበቱን ያኔም መመለስ ትችያለሽ። ዛሬ መልሰሽ ነገ ምክንያቱን ብትሰሚ ግን መመለሻው ከባድ ነው።