ወልድያ ዘንድሮ ማንን ያስፈርም?

ክረምት ሲገባ የሊጋችን ወሬ ዝውውር ብቻ ነው። እገሌ ፈረመ፣ እገሌ ውሉን አደሰ፣ እገሌ ወደ ቀድሞ ክለቡ ተመለሰ። እኛ የላስታ ልጆች ግን የምንጠብቀው ፊርማ የለንም። ከኩልመስክ ተነስቶ የፕሪሚየር ሊግ ቡድን በአይኑ ማየት ለፈለገ ቅርቡ ወልድያ ነበር። አዎ፣ ነበር!

ወልድያ በ2007 ዓ.ም ሊጉን ተቀላቀለና በዓመቱ ወረደ። በ2009 ተመለሰ፤ ከ25 ሺህ በላይ ሰው የሚይዘው የሼህ መሐመድ አል አሙዲ ስታዲየምም በዚያው ዓመት ጥር ላይ ተመረቀ። በ2010 እንደገና ወረደ፤ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። እንዲህ ያለ ስታዲየም ይዞ ከሊጉ ውጪ መሆን ያንገበግባል።

«እንደ ንግድ ባንክ ያድርጋ» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ንግድ ባንክ በ2009 ወርዶ፣ በ2016 በተመለሰበት ዓመት ዋንጫውን አነሳ። ያስቀናል። ግን ጎበዝ፣ ከጀርባው ያለው እኮ ባንክ ነው! የከተማ ክለብ ስመ ጥር አጥቂ ለአንድ ዓመት ቢያስፈርም፣ ልጁ ውሉ ሲያልቅ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል፤ ክለቡም እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

እኔ ብሆን የመጀመሪያ ፊርማዬ የተጫዋች ሳይሆን የመልማይ ይሆናል። ክረምቱን ላሊበላ፣ ሙጃ፣ ቆቦ ይዙር። ዳገት ላይ ኳስ እያሳደደ ያደገ ልጅ ሳንባው ይታወቃል፤ የሦስት ዓመት ውል ይሰጠው። ትልቅ ክለብ ቢወስደው እንኳ የዝውውሩ ገንዘብ ለወልድያ ይገባል።

ኩልመስክ ከመጣ ደግሞ በገበያ ቀን ይምጣ። የየቀበሌው ልጅ ያን ቀን ከተማ ነው።