ባሕር ለማየት ከሰቶ ሰመሮ የሚነሳ ሰው ሒሳብ

ቅዳሜና እሑድን ባሕር ዳርቻ ማሳለፍ የሚለው ምኞት ከአዲስ አበባ አልፎ ጅማ ገብቷል። ሰቶ ሰመሮ ቡና ተፈልቶ ወሬ ሲሞቅ አንዱ ምጽዋን ያነሳል፤ ሌላው ሞምባሳን፤ ደፈር ያለው ዛንዚባርን። መመኘት አይከለከልም፤ ነገር ግን ያለነው የገበያ ገጽ ላይ ነውና ሒሳቡን እንሥራው።

ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ እስከ ጂቡቲ በባቡር ሐዲዱ ሌላ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጨመራል። ይህን ያህል ሄዶ ለመመለስ ሁለት ቀን አይበቃም። በአውሮፕላን ይሁን ከተባለ ደግሞ የምንዛሪ ጣጣ ይመጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ ከ60 ብር በታች ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን ተሻግሯል። ምጽዋና አሰብም ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የጎረቤት አገር ከተሞች ናቸው።

የሚገርመው ጅማና ባሕሩ ድሮ ይበልጥ መቀራረባቸው ነው። የዛሬው ጅማ ሒርማታ ይባል በነበረበት ዘመን የሲራራ ነጋዴ መገናኛ ነበር። ቡናው፣ ወርቁ፣ ዝባዱና የዝሆን ጥርሱ፣ ሳይደበቅ እንነጋገር ካልን ባሪያውም ጭምር፣ በጎጃምና በጎንደር አልፎ ምጽዋ ይደርስ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የነገሡት ዳግማዊ አባ ጅፋር ሀብታቸውን ያካበቱት በአመዛኙ ከዚሁ ንግድ ነው። ዛሬም ቡናችን በየዓመቱ ባሕር ያያል፤ ባሕር የናፈቀው ገበሬውና ነጋዴው ነው።

እንግዲህ ታሪክ ያለበት የሁለት ቀን ሽርሽር ፈላጊ ሁሉ ለምን ወደ ውጭ ያያል? የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት ጅሬን ከከተማው መሐል ቢበዛ ስምንት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። አጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የቡና መገኛ ናት የምትባለው ጮጬም እዚያው ጎማ ውስጥ ናት። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የሄደ ቀዩን ቡና ከነለቃሚው ያገኘዋል። ክረምቱን ግን አልመክርም፤ የጅማን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል።

እንግዳ የሚሆን ነገር ሞልቷል፤ ችግሩ ያለው የሚሸጠው ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ቅዳሜ የሚመጣ ሰው ብር ይዞ ነው የሚመጣው። ጅሬን ይወጣል፣ ሰገነቱን ያያል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይወርዳል። ከዚያስ? የጅማ ትልቁ ገበያ ሐሙስ ነው። ሐሙስ ለገበሬው ይመቻል፤ የመንግሥት ሠራተኛና የባንክ ቤት ሰው ግን ሐሙስ ጅማ ሊገኝ አይችልም። ባለሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ የሚጠርበው ባለሙያና ገዢው በሁለት ቀን ይተላለፋሉ ማለት ነው። ከጅሬን መውረጃ ላይ የቅዳሜ የእንጨት ሥራ ገበያ ለማቆም ትልቅ በጀት የሚያስፈልግ አይመስለኝም፤ ሜዳና ጥላ ይበቃል።

ቡናውም እንዲሁ ነው። ለውጭ ገበያ የሚበቃው ቡና አገር ውስጥ እንዳይሸጥ ለረጅም ዓመታት ሲከለከል ኖሯል። ዶላር የተጠማ መንግሥት እንዲህ ቢያደርግ አይፈረድበትም። ነገር ግን ጎማ ድረስ ሄዶ ሁለት ኪሎ ምርጥ ቡና ይዞ መመለስ የሚፈልግ ጎብኚ የላኪውን ኮንቴይነር አያጎድልም። ይልቁንም ከአዲስ አበባ መደብር የሚገዛበትን ዋጋ እዚያው ለገበሬው ማኅበር ትቶለት ይሄዳል። በተወሰነ መጠን፣ በማኅበሩ ማኅተም ታሽጎ እንዲሸጥ ቢፈቀድ፣ የመኸሩ ወራት ቅዳሜዎች ብቻቸውን ለአጋሮ ምግብ ቤቶችና አልጋ ቤቶች ሌላ ገበያ ይሆኑ ነበር። ፈቃዱ ከወረዳ ጽሕፈት ቤት አቅም በላይ ስለሆነ ጥያቄው አዲስ አበባ መቅረብ አለበት፤ የቅዳሜውን ገበያ ግን የጅማ ከተማ አስተዳደር ማንንም ሳይጠይቅ ከመጪው ኅዳር በፊት ሊጀምረው ይችላል።