ለሕፃናት መጫወቻን በገዛ እጅ ስለ መሥራት

የሰው ልጅ ከመናገሩ አስቀድሞ በእጁ መያዝን ይማራል፤ ከማንበቡም አስቀድሞ መደርደርን፥ መገጣጠምን፥ ማፍረስንና መልሶ መሥራትን ይማራል። ስለዚህ የሕፃን የመጀመሪያ መምህሮቹ አባትና እናቱ ሲሆኑ፥ የመጀመሪያ መጽሐፉ ደግሞ መጫወቻው ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ነገሩ እንዲህ ከሆነ፥ ለልጅ የሚሰጠው መጫወቻ ምን እንደ ሆነና በማን እጅ እንደ ተሠራ መመርመር የዋዛ ነገር አይደለም።

በአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፥ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ዓለም ባንክ የተባለው ሰፈር ለዚህ ነገር መልካም ምሳሌ ይሆናል። በዚህ ሰፈር፥ እንደ ሌሎቹ የከተማው ሰፈሮች ሁሉ፥ በርና መስኮት፥ አልጋና ወንበር የሚሠሩ አናጢዎች አሉ፤ ከመጋዛቸው ሥር የሚወድቀው ቁርጥራጭ እንጨትም ወይ ይጣላል፥ ወይ ለማገዶ ይሄዳል። በመንገዱ ዳር ባለው ሱቅ ደግሞ ከባሕር ማዶ የመጣ የፕላስቲክ መኪና ተሰቅሎ ይሸጣል። አባት ገንዘቡን ከፍሎ ይገዛል፤ ልጅ ከጥቂት ቀን በኋላ ይሰብረዋል፤ የተሰበረውንም የሚጠግን ሰው የለምና ይጣላል። እንዲህ ሲሆን እንጨቱ ይነዳል፥ ገንዘቡም ይሄዳል፥ ልጁም የጎደለውን ነገር በገዛ እጅ መሥራት እንደሚቻል ሳያይ ያድጋል። ከሦስቱ ጥፋት የሚከፋው ይህ የመጨረሻው ነው።

መጫወቻን በእጅ መሥራት ለኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም። የገጠር ልጅ ከብት ሲጠብቅ በሬና ላም ከጭቃ ይሠራል፤ ለገና ጨዋታ ጫፉ የቆለመመ ዱላ ከዛፍ ቆርጦ ያዘጋጃል፤ ሩሩንም ከእንጨት ይጠርባል። ገበጣም በእንጨት ላይ ጉድጓድ እየተፈለፈለ ሲሠራ የኖረ የብልሃትና የቍጥር ጨዋታ ነው። የታሪክ ሊቅ የነበሩት ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ገበጣና እርሱን ስለሚመስሉት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጨዋታዎች አንድ ጥናት እስከ ማሳተም ደርሰዋል። የከተማ ልጅ ግን የሚያቦካው ጭቃም፥ የሚጠርበው እንጨትም አጥቶ፥ ተሠርቶ ያለቀውን ብቻ ተቀባይ ሆኗል።

ልማዱ ከነበረ በከተማ ስለ ምን ተተወ? የጊዜ ማነስና የቦታ መጥበብ ምክንያት መሆናቸው አይካድም። ነገር ግን ከእነዚህ በስተ ጀርባ የእጅ ሥራን የመናቅ አሮጌ በሽታ አለ። ብረት ቀጥቃጩ፥ ሸማኔው፥ ቆዳ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ አገሩን ሲያለብሱና ሲመግቡ ኖረው፥ ዋጋቸው ስድብ ነበረ። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ባለ እጆችን በሥራቸው መስደብን ከለከሉ። በ1934 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ የተግባረ እድ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ጥበብ በወንበርና በሰሌዳ መሰጠት ጀመረ። ይሁን እንጂ ዛሬም ልጁ ሐኪም እንዲሆንለት የሚመኝ ወላጅ ብዙ ሲሆን፥ አናጢ እንዲሆንለት የሚመኝ ጥቂት ነው። ዐዋጅ አፍን ይከለክላል፤ ልብን የሚመልሰው ግን በሕፃንነት የታየ ምሳሌ ነው። አባቱ መጋዝ ይዞ ለእርሱ ሲል ሲደክም ያየ ልጅ አናጢን ሊንቅ አይችልም፤ አናጢ ማለት ለእርሱ አባቱ ነውና።

ሌሎችም ሕዝቦች ይህንን አስተውለው ተጠቅመውበታል። ጀርመናዊው ፍሪድሪኽ ፍሮበል እ.ኤ.አ. በ1837 ለሕፃናት ትምህርት ቤት ሲከፍት ዋናዎቹ መማሪያዎቹ ከእንጨት የተሠሩ ኳስ፥ ክብና ባለ ማዕዘን ቁራጮች ነበሩ፤ አፀደ ሕፃናት የሚለውም ስም ከዚያ የመነጨ ነው። ፊንላንድ እ.ኤ.አ. በ1866 የእጅ ሥራን በሕዝብ ትምህርት ቤቶቿ ከፊደልና ከሒሳብ ጋራ አግብታለች። ኦሌ ኪርክ ክሪስቲያንሰን የተባለው የዴንማርክ አናጢም እ.ኤ.አ. በ1932፥ ገበያው በተቀዛቀዘበት ዘመን፥ በትንሽ መንደር ከእንጨት መጫወቻ መሥራት ጀመረ፤ ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ሌጎ የተባለው ድርጅት የተወለደው ከዚያ ከአናጢው ቤት ነው።

ከዚህም ሌላ፥ ከውጭ የሚመጣ መጫወቻ ሊፈጽመው የማይችል ነገር አለ። ባለ ስድስት ገጹ የእንጨት ፊደል የተሠራው ለላቲን ፊደል ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ግን ከግእዝ እስከ ሳብዕ ሰባት ቤት ስላለው በስድስት ገጽ አይጨረስም፤ አንዱ ቤት ሁልጊዜ ከደጅ ይቀራል። የባሕር ማዶ ባለ ፋብሪካም ስለ ሳብዕ ቤት አይጨነቅም። አንድ አባት ግን ለእያንዳንዱ ፊደል ሰባት ጠፍጣፋ የእንጨት ቁራጭ ቆርጦ፥ አለስልሶ፥ በእያንዳንዱ ላይ አንድ አንድ ቤት ቢቀርጽበት፥ ልጁ ሀ ሁ ሂን በዐይኑ ብቻ ሳይሆን በጣቱ ይማራል። ከሀ እስከ ፐ ያሉት 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ቁራጭ ይሆናሉ። በሳምንት የአንዱን ፊደል ሰባቱን ቤት ብቻ የሠራ ሰው ዓመት ሳይሞላ በ33 ሳምንት ይጨርሳል።

ፊደሉ የሚበዛበት ሰው ከቀላሉ ጋሪ ይጀምር። የሚያሻው መሣሪያ መጋዝ፥ የእጅ መሰርሰሪያ፥ ሞረድ፥ ብርጭቆ ወረቀትና ጥቂት ኮላ ነው። እንጨቱ በደንብ የደረቀ የዋንዛ ቁራጭ ቢሆን ይመረጣል፤ ለመሥራት ይገራልና። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ስለሚጣመምና ስለሚሰነጠቅ ለጎማ አይሆንም። ለአካሉ ርዝመቱ 15፥ ወርዱ 8፥ ውፍረቱ 3 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጣውላ ይበቃል። በወርዱ በኩል ከአንዱ ጎን እስከ ሌላው የሚያልፉ፥ ስፋታቸው 12 ሚሊ ሜትር የሆነ ሁለት ቀዳዳዎች ይበሳሉ፤ በእነዚህም ውስጥ የ10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ድቡልቡል እንጨት ገብቶ እንደ ልብ ይዞራል። አራቱ ጎማዎች ወርዳቸው 5፥ ውፍረታቸው 2 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ከግንድ ላይ በአግድም ተቆርጦ የሚወጣ ክብ ሲደርቅ ከመካከሉ ስለሚሰነጠቅ ጎማው ከጣውላ ላይ ይውጣ፤ የጎማውም ቀዳዳ ጎማው ከጣውላው ሳይለይ አስቀድሞ ይበሳ፤ ትንሹ ቁራጭ ለብቻው ሲበሳ ይፈነከታልና። በመጨረሻ ጎማው በድቡልቡሉ እንጨት ጫፍ ላይ በኮላ ይጣበቃል። ሚስማር ግን አይግባበት፤ የላላ ሚስማር በልጅ እጅ ውስጥ እሾህ ነው።

ጥንቃቄ የሚያሻውም እንዲህ ነው። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ወደ አፍ ገብቶ ጉሮሮን የሚዘጋ ትንሽ ክፍል አይኑርበት። ጋሪው የሚጎተትበት ገመድ አንገት እንዳይጠመጥም አጭር ይሁን። ጠርዙ ሁሉ በሞረድ ተከርክሞ በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ። እርሳስ ያለበት ቀለም የሕፃንን አእምሮ ስለሚጎዳ፥ ኢትዮጵያ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን እጅ 90 እጅ እንዳይበልጥ በደንብ ወስናለች። ከምን እንደ ተቀመመ ያልታወቀ ቀለም ከመቀባት ይልቅ እንጨቱን በንጹሕ ሰም በጨርቅ ማሸት ይሻላል። ልጁም በሥራው ይሳተፍ፤ ነገር ግን የሚይዘው ብርጭቆ ወረቀቱን እንጂ መጋዙን አይሁን።

አንዳንድ ሰው ይህንን ሁሉ ሰምቶ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» በማለት ጨዋታን ከቍም ነገር ላይቈጥረው ይችላል። ተረቱ ስለ ራቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ዛሬ ቡኮ ያልነካች እጅ ነገ እንጀራ አትጋግርም። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1989 ያጸደቁት፥ ኢትዮጵያም በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብት ስምምነት በ31ኛው አንቀጹ ጨዋታን የሕፃን መብት አድርጎ የጻፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ሌላው ደግሞ «የዕለት ጕርሱን የሚያሯሩጠው ወላጅ መጫወቻ የሚሠራበት ጊዜ ከየት ያመጣል?» ይል ይሆናል። ይህ ጥያቄ ንቀት የሌለበት እውነተኛ ጥያቄ ስለ ሆነ መልሱን ከወላጅ ብቻ መጠበቅ አይገባም።

እንግዲህ የየክፍሉ ሹማምንት ሊያደርጉት የሚቻላቸው ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ሥራ አለ። በ2002 ዓ.ም. የቀዳማይ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ ወጥቷል፤ ማዕቀፉ ግን በሕፃን እጅ የሚያዝ እንጨት ካልሆነ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። በዓለም ባንክም ሆነ በሌላ ሰፈር ያሉ አናጢዎች ቁርጥራጫቸውን ለቅርብ አፀደ ሕፃናት እንዲሰጡ ማስማማት፥ የተግባረ እድ ተማሪዎችም የልምምድ ሥራቸውን የሕፃናት መጫወቻ እንዲያደርጉ ማዘዝ፥ አናጢውንም በወር አንድ ቀን በክብር ጠርቶ በሕፃናትና በወላጆች ፊት እንዲሠራ ማድረግ ይቻላል። ጊዜ የሌለው ወላጅ ልጅም የተሠራውን ብቻ ሳይሆን አሠራሩን ያያል።

ካህናትም በዚህ ነገር ትልቅ ድርሻ አላቸው። የእጅ መስቀልን የሚቀርጸውና መንበረ ታቦትን የሚያንጸው የጠራቢ እጅ መሆኑን ከእነርሱ ይልቅ የሚያውቅ የለም፤ ጻድቁ ዮሴፍም ጠራቢ እንደ ነበረ ለሕዝብ የሚያስተምሩት እነርሱ ናቸው። ይህንኑ በዐውደ ምሕረት ሲናገሩ፥ በሰፈሩ ያለውን አናጢም በዚያው ዐይን እንዲያዩት ምእመናንን ቢመክሩ፥ ከብዙ ዘመን ጀምሮ የተተከለው ንቀት ከሥሩ ይላላል። የቄስ ትምህርት ቤት መምህርም ከጠራቢው ጋራ ተማክሮ የእንጨት ፊደል ቢያሠራ፥ ለፊደልም ለእጅም ክብር ይሆናል።

አገር የሚሠራው በትልልቅ ሰው እጅ ነው፤ ትልቁን ሰው የሚያወጣው ግን በሕፃንነት ሥራን የለመደ እጅ ነው። ከመጋዝ ሥር የወደቀችው አንዲት ቁራጭ እሳት ውስጥ ብትገባ አንድ ጀበና ቡና ታፈላለች፤ በአባት እጅ ብትገባ ግን የልጅን አእምሮ ታፈላለች። ከሁለቱ የትኛው እንደሚበልጥ የሚፈርደው በየቤቱ ያለ አስተዋይ ወላጅ ነው።