የአቻ መጠን ሠንጠረዥና ስቴሮይድን በስቴሮይድ የመተካት ልማድ

ስቴሮይድ የሚለው ስም በሕክምና ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚያመለክተው፣ ከኩላሊት በላይ የሚገኙት አድሬናል የተባሉ ዕጢዎች የሚያመነጩትን ኮርቲሶል የተባለ ሆርሞን ሥራ የሚሠሩ መድኃኒቶችን ሲሆን፣ ከእነዚህ መካከል ሃይድሮኮርቲሶን፣ ፕሬድኒሶሎን፣ ሜቲልፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታሶን በብዛት ይታወቃሉ። በአንድ የወል ስም መጠራታቸው ግን አንድ ጎጂ እምነት አስከትሏል፤ ይኸውም አንደኛው ከመደርደሪያ ሲጠፋ፣ ሲወደድ ወይም ለሕመምተኛው ሳይስማማው ሲቀር፣ ሚሊ ግራሙን አስልቶ በሌላው መተካት በቂ ነው የሚለው ነው። ይህ እምነት ስህተት ነው፤ ስህተቱም በስሌቱ ላይ ሳይሆን ስሌቱ ምን እንደሚለካ በመዘንጋቱ ላይ ነው።

የስሌቱ መነሻ የአቻ መጠን ሠንጠረዥ የሚባለው ነው። በዚህ ሠንጠረዥ መሠረት 20 ሚሊ ግራም ሃይድሮኮርቲሶን ከ5 ሚሊ ግራም ፕሬድኒሶሎን፣ ከ4 ሚሊ ግራም ሜቲልፕሬድኒሶሎንና ከ0.75 ሚሊ ግራም ዴክሳሜታሶን ጋር እኩል ይቆጠራል። ሠንጠረዡን ጨርሶ አለማወቅ ከሁሉ የከፋ እንደሆነ መካድ አይቻልም፤ ባለ 5 ሚሊ ግራም የፕሬድኒሶሎን እንክብል በባለ 4 ሚሊ ግራም የዴክሳሜታሶን እንክብል ቢተካ፣ ቁጥሩ የቀነሰ መስሎ ሳለ ሕመምተኛው የሚወስደው 27 ሚሊ ግራም ገደማ ፕሬድኒሶሎን ያህል ይሆናልና። ይሁን እንጂ ሠንጠረዡ በዋነኛነት የሚያነጻጽረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም የሰውነትን መቆጣት የማብረድ ኃይል ነው። መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ለስንት ሰዓት እንደሚሠራ፣ ጨውና ውኃን ምን ያህል እንደሚያስቀር፣ በየትኛው ሰውነት ውስጥ እንደሚገባም አይናገርም።

ከእነዚህ ሁሉ በብዛት የሚዘነጋው የጊዜ ጉዳይ ነው። የሃይድሮኮርቲሶን ሥራ ከ8 እስከ 12 ሰዓት፣ የፕሬድኒሶሎን ከ12 እስከ 36 ሰዓት፣ የዴክሳሜታሶን ደግሞ ከ36 እስከ 72 ሰዓት ይቆያል። ስቴሮይድ ከውጭ ሲገባ አንጎል ለአድሬናል ዕጢዎች የሚልከውን ትእዛዝ ያቋርጣል፤ ዕጢዎቹም ሥራ ፈትተው ይሟሽሻሉ። ይህ እንዳይሆን ለማገዝ ሐኪሞች ፕሬድኒሶሎንን በየሁለት ቀኑ አንድ ጊዜ የሚያዙበት አሠራር አለ፤ መድኃኒቱ በማይወሰድበት ቀን ዕጢው ፋታ እንዲያገኝ ማለት ነው። በዚህ አሠራር ላይ ያለ ሕመምተኛ መጠኑ ተሰልቶ ወደ ዴክሳሜታሶን ቢዛወር፣ የፋታው ቀን ራሱ ይጠፋል፤ ሠንጠረዡ ግን ሁለቱን እኩል ናቸው ይላል። ሕክምናው ራሱ ይህን ልዩነት ጠንቅቆ ያውቃል። ኮርቲሶል ከመጠን በላይ የሚመነጭበትን ሕመም ለመለየት ሌሊት ላይ 1 ሚሊ ግራም ዴክሳሜታሶን ብቻ ይሰጥና ጠዋት ደም ይመረመራል፤ በጤነኛ ሰው ላይ ይህች ትንሽ መጠን የዕጢውን ሥራ እስከ ጠዋት ጸጥ ታደርገዋለች። ለምርመራ የሚያገለግለው ይህ ኃይል በሕክምናው ጊዜ እንደሌለ ሊቆጠር አይገባም። በሕጻናት ዘንድ ጉዳዩ የባሰ ነው፤ ከውልደት ጀምሮ የአድሬናል ዕጢ ችግር ባለባቸው ልጆች ላይ ዴክሳሜታሶን እድገትን የማቀጨጭ ኃይሉ ከሃይድሮኮርቲሶን 70 እጥፍ ገደማ እንደሆነ ሲገመት፣ ከሠንጠረዡ የሚወጣው ስሌት ግን 27 እጥፍ ያህል ብቻ ነው።

ስቴሮይድ የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛም በዚሁ በጊዜ ምክንያት ይጎዳል። ጠዋት የተወሰደ ፕሬድኒሶሎን ስኳርን ከሰዓት በኋላና ምሽት ላይ ከፍ አድርጎ ሌሊቱን የሚያስታግስ ሲሆን፣ ዴክሳሜታሶን ግን ሌሊቱን ጭምር ከፍ አድርጎ ያቆየዋል። ስለዚህ ስቴሮይዱ ሲቀየር የኢንሱሊኑ መጠንና ሰዓት ካልተቀየረ፣ ለውጡ በግማሽ ተሠርቶ ቀርቷል።

በጨው በኩል ያለው ልዩነት የመድኃኒቶቹ ታሪክ ራሱ ያመጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካ ማዮ ክሊኒክ ሐኪሙ ፊሊፕ ሄንች ኮርቲሶን የተባለውን ስቴሮይድ ለመገጣጠሚያ ሕመምተኞች ከሰጠና በ1950 ከተመራማሪዎቹ ከኬንዳልና ከራይሽስታይን ጋር የኖቤል ሽልማት ከተቀበለ በኋላ፣ ኬሚስቶች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ፕሬድኒሶሎንንና ዴክሳሜታሶንን የሠሩት ጨው የማስቀረትን ጠባይ ለመቀነስ ጭምር አስበው ነው። እንግዲህ መለያየታቸው የታሰበበት ነው። አድሬናል ዕጢው የተበላሸበት ሰው ሃይድሮኮርቲሶን ሲወስድ የጨው ማስቀረቱንም ድርሻ ያገኝ ነበር፤ ይህ ኃይል ወደሌለው ዴክሳሜታሶን ሲዛወር ፍሉድሮኮርቲሶን የተባለው ጨው ያዥ መድኃኒት ካልታሰበበት የደም ግፊቱ ሊወርድ፣ በደሙ ውስጥ ያለው ፖታሲየምም ከፍ ሊል ይችላል። በተቃራኒውም በአንጎል እብጠት ምክንያት 8 ሚሊ ግራም ዴክሳሜታሶን የሚወስድ ሕመምተኛ በስሌት ወደ 213 ሚሊ ግራም ሃይድሮኮርቲሶን ቢቀየር፣ ዴክሳሜታሶን የተመረጠበት ዋና ምክንያት፣ ማለትም ውኃ አለማስቀረቱ፣ ከነጭራሹ ይሻራል።

የሰውየውም ሁኔታ ስሌቱን ያፈርሰዋል። ነፍሰ ጡር ሴት ፕሬድኒሶሎን ስትወስድ የእንግዴ ልጅ አብዛኛውን ወደ ፅንሱ ከመድረሱ በፊት ኃይሉን ያሳጣዋል፤ ዴክሳሜታሶንና ቤታሜታሶን ግን ያልፋሉ፤ ያለጊዜው ሊወለድ የተቃረበን ልጅ ሳንባ ለማጎልበት የሚሰጡትም ስለዚህ ነው። ስለሆነም ለእናቲቱ ሕመም የተሰጠውን ፕሬድኒሶሎን በዴክሳሜታሶን መተካት ማለት ፅንሱንም ሳያስቡ ማከም ማለት ነው። የሳንባ ነቀርሳ በስፋት በሚገኝባት በኢትዮጵያ ደግሞ ሪፋምፒሲን የተባለው የነቀርሳ መድኃኒት የጉበትን ስቴሮይድ ሰባሪ ኢንዛይሞች እንደሚያበረታ ማስታወስ ግዴታ ነው፤ የነቀርሳው ሕክምና ከተጀመረ በኋላ በሠንጠረዡ ላይ የተጻፈው ቁጥር በደም ውስጥ ያለውን መጠን መግለጹን ያቆማል።

በቅባትና በሚሳቡ ስቴሮይዶች ላይ ያለው ስህተት አጭር ነው፤ እርሱም በማሸጊያው ላይ ያለውን ቁጥር አይቶ መፍረድ ነው። 0.05 በመቶ የሆነ ክሎቤታሶል ከ1 በመቶ ሃይድሮኮርቲሶን ብዙ እጥፍ የበረታ ነው፤ ቁጥሩ ያነሰውን ቅባት ለፊት የመረጠ ሰው ቆዳውን ያሳሳል።

መድኃኒት በሚጠፋበት አገር ይህን ሁሉ መጠየቅ ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ፤ ክርክራቸውም ግማሽ እውነት አለው። ከሦስት ሳምንት በላይ ስቴሮይድ የወሰደ ሰው በድንገት ከሚያቋርጥ ይልቅ፣ ሌላ ስቴሮይድ ቢሰጠው እጅግ ይሻላል፤ ድንገተኛ ማቋረጥ በድካም፣ በማስመለስና በደም ግፊት መውረድ ጀምሮ እስከ ሞት ሊያደርስ ይችላልና። ነገር ግን መድኃኒት መጥፋቱ ሰበብ ሆኖ ሦስት ጥያቄዎችን ከመጠየቅ አያድንም፤ ሕመምተኛው ሌላ ምን መድኃኒት ይወስዳል፣ የመጀመሪያው ስቴሮይድ ለምን ተመረጠ፣ አዲሱስ እስከ መቼ ይወሰዳል። እነዚህን ለመጠየቅ የሚያስፈልገው ጥቂት ደቂቃ ነው። ሐኪሙ መልሱን በማዘዣው ላይ ይጻፍ፤ የመድኃኒት ባለሙያውም መልሱ ያልተጻፈበትን ማዘዣ ሐኪሙን ሳያነጋግር በሌላ ስቴሮይድ አይተካ። አዲስ ስቴሮይድ የተቀበለ ሰው ደግሞ የቀድሞውን ማሸጊያ ይዞ ይቆይ፤ በድንገት ቢታመምም ለሚያክመው ሁሉ ስቴሮይድ እንደሚወስድና በቅርቡ እንደተቀየረለት አስቀድሞ ይናገር።