ዳዲ ሪች በእኛ መድረክ

እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ «ካር ዋሽ» የተሰኘ ኮሜዲ ፊልም ወጣ፤ የሎስ አንጀለስ መኪና አጣቢዎችን የአንድ ቀን ውሎ ያሳያል። ኖርማን ዊትፊልድ ለፊልሙ የደረሰውን የፈንክ ጭፈራ ዘፈን ሮዝ ሮይስ የተባለ አዲስ ባንድ ተጫወተው። በፊልሙ ታጅቦ ገነነ፤ በጥር 1977 በቢልቦርድ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ። በጭብጨባ የሚጀምረው ያ ምት ዛሬም ሰው ከመቀመጫው ያስነሣል።

እንዲህ ያለ ዘፈን ሲነሣ የእኛ የአገልጋዮች መልስ የታወቀ ነው። ገላትያ 5፥21ን ገልጠን «ዘፋኝነት» የሚለውን እናነባለን፤ ጉባኤው አሜን ይላል። (የግሪኩ ቃል ስካር የሞላበትን ፈንጠዝያ እንደሚያመለክት ተምረናል፤ መድረክ ላይ ግን አንናገረውም።)

በዚያው ፊልም ውስጥ ግን አንድ ሰባኪ አለ። ሪቻርድ ፕራየር የሚጫወተው ዳዲ ሪች ዘማሪዎቹን አስከትሎ በሊሞዚን ይመጣል፤ ስብከቱ ገንዘብ ነው። ከእጅ ወደ አፍ ከሚኖሩት አጣቢዎች አንዳንዶቹ ከኪሳቸው አውጥተው ይሰጡታል። ተመልካቹ ሳቀ። እኛ ዘንድ ግን ይህ ቀልድ አይደለም። በዐረብ አገር ሰው ቤት እየሠራች የወር ደመወዟን «ዘር» ብላ ለነቢይ የምትልክ እኅት እናውቃለን። እናቷ የቤት ኪራይ አጥታለች። ነቢዩ መኪና ቀይሯል። እኛም ለኮንፈረንስ ጋብዘነው በክብር ወንበር አስቀምጠነዋል።

እንግዲህ ዘፈን ሲሰማ ተገኘ ብለን አንዱን ወጣት ከመዘምራን ከማገዳችን በፊት፣ የእኅታችን ገንዘብ የት እንደገባ ያንን ሰው በሽማግሌዎች ፊት አቁመን እንጠይቀው።