ድንቅ ሥራና የውኃ ቧንቧ

በጅቡቲ ከተማ ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ሱቆች ይዘጋሉ፤ መንገዱም ጭር ይላል። በዚያ ሰዓት ከቤት የማይወጣ ተማሪ ኮምፒዩተር ካገኘ ጊዜውን ከሚያሳልፍባቸው ጨዋታዎች አንዱ «ሲቪላይዜሽን»፣ ማለትም «ሥልጣኔ» የተሰኘው ሊሆን ይችላል። ይህ ጨዋታ በሲድ ሜየርና በብሩስ ሼሊ ተዘጋጅቶ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው በ1991 ነው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እንደ ሰንጠረዥ ተራ እየጠበቁ የሚጫወቱት ሲሆን፣ ተጫዋቹ አንድን ሕዝብ ከመጀመሪያዋ መንደር አንሥቶ ወደ ጠፈር እስከሚመጥቅበት ዘመን ድረስ ይመራል።

በጨዋታው ውስጥ የተጫዋቾችን ልብ ከሁሉ ይበልጥ የሚሰቅለው «ድንቅ ሥራ» የሚባለው ነው። የግብፅ ፒራሚድ፣ የባቢሎን ተንጠልጣይ የአትክልት ሥፍራ፣ የእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍትና እነዚህን የመሳሰሉት እያንዳንዳቸው በዓለም ላይ የሚሠሩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሁለት ከተሞች አንዱን ሐውልት እኩል ቢጀምሩት ቀድሞ የጨረሰው ባለቤት ይሆናል፤ የዘገየው ግን አንዲት ድንጋይ ብቻ ቀርታው እንኳ ቢሆን ሥራውን ይተዋል። በ2010 በወጣው አምስተኛው እትም ለተሸናፊው ከልፋቱ ጥቂቱ በወርቅ ይመለስለታል። ይህ የጨዋታው ቸርነት ነው፤ ታሪክ እንዲህ ያለ ቸርነት አያውቅም።

ይህ ውድድር ዕቅድንና ቁጠባን ያስተምራል የሚሉ አሉ፤ አልተሳሳቱም። ጎተራ ሳይኖረው ፒራሚድ የጀመረ ከተማ ይራባል፤ ቅጥሩን ሳያጥር በውበት የተጠመደም በጠላት ይወረራል። ዳሩ ግን በደንቡ ውስጥ አንድ ስሕተት ተሸሽጓል። ድንቁ ሥራ አንዴ ከቆመ በኋላ ጥቅሙ ከገንቢው ከተማ ብቻ እንደሚመነጭ፣ የጎረቤት መሸነፍም ሁልጊዜ ትርፍ እንደሆነ አድርጎ ያሳያል። ይህ ስሕተት ጎልቶ የሚታይበት ቦታ ቢፈለግ ጅቡቲን የሚስተካከል ከተማ ጥቂት ነው።

ጅቡቲ በ1888 በፈረንሳዮች ስትቆረቆር የሐረር ንግድ በአመዛኙ የሚወርደው ወደ ዘይላ ነበር። ዘይላ ከጥንት ጀምሮ ግመል ነጂዎችና መርከበኞች የሚገናኙባት ወደብ ስትሆን፣ በዚያን ጊዜ በእንግሊዞች እጅ ነበረች። በ1894 ዐፄ ምኒልክ ለስዊሱ አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ እንዲያሠራ ፈቃድ ሰጡ። ሁለት ሐዲድ ሊያበላ የሚችል ንግድ በአገሩ ስላልነበረ ቀድሞ የደረሰው ወደብ ሁሉንም እንደሚጠቀልል የታወቀ ነበር። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። በግመል ጭነት የሚተዳደሩት የኢሳ ጎሣ ሰዎች ሐዲዱን በኃይል ተቃወሙት፤ ለመቃወምም በቂ ምክንያት ነበራቸው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይጠቀስ ሊታለፍ አይገባም፤ በመጀመሪያው የ«ሲቪላይዜሽን» እትም ተጫዋቹ የግመል ሲራራዎቹን ወደ ከተማው አስገብቶ ለድንቁ ሥራ ማፋጠኛ ሊያውላቸው ይችላል። በጅቡቲ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ድንቁ ሥራ ሲራራውን አጠፋው።

ሐዲዱ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰ። የመጀመሪያው ሐሳብ ሐረርን መንካት ነበር፤ ነገር ግን ተራራው ስላላመቸ ከግርጌው አዲስ ከተማ ተወለደ። ዘይላም ተሸነፈች። ንግዷ ነጠፈ፣ ቤቶቿ ፈረሱ፣ ወርቅም አልተመለሰላትም።

በጨዋታው ደንብ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በጅቡቲ ድል እዚያው ባበቃ ነበር። ሆኖም የእንግሊዝ ባለገንዘቦች ወደ ኩባንያው ሲገቡ የፈረንሳይ መንግሥት በ1902 በድጎማ ጣልቃ ገባ። የንግድ ኩባንያ የነበረው የባዕድ መንግሥት መሣሪያ ወደ መሆን ሲያዘነብል ዐፄ ምኒልክ አልወደዱትም፤ ሐዲዱም ድሬዳዋ ላይ ለዓመታት ቆመ። በ1906 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ ባለቤቱን ሳያማክሩ የኢትዮጵያን ሐዲዶች በወረቀት ላይ ተከፋፈሉ። የመጀመሪያው ኩባንያ ከስሮ በ1908 ሌላ ከተተካ በኋላ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917፣ ማለትም ሥራው በተጀመረ በሃያ ዓመቱ ነው። እነዚያን ዓመታት የበላው የቴክኒክ ችግር ብቻ አልነበረም፤ ሐዲዱ የሚያቋርጠው አገር ፈቃድ ሳይጨመርበት ሐዲዱ ግማሽ ሐዲድ መሆኑ ነው።

ስለ ሐውልት ፉክክር ሲነሣ አክሱምም መነሣት አለባት። በ2007 በወጣው የጨዋታው ተጨማሪ እትም ኢትዮጵያ ስትገባ ሐውልቷ ከድንቅ ሥራዎች ተራ አልተመደበም፤ በየከተማው የሚሠራ ተራ ሕንፃ ተደርጎ ተሰጣት። ይህ የሚያስከፋ ብቻ ሳይሆን የታሪኩን ፍሬ ነገር የሳተ ነው። የአክሱም ነገሥታት ራሳቸው በሐውልት ርዝመት የተፎካከሩ ይመስላሉ፤ ከሁሉ የሚልቀው ባለ 33 ሜትሩ ሐውልት ተሰባብሮ ወድቋል። ሲተከል ሳለ እንደ ወደቀ ብዙ ሊቃውንት ያምናሉ።

ዛሬ የፉክክሩ መሣሪያ ሐውልት አይደለም፤ ወደብ ነው። ጅቡቲ በ2009 የዶራሌን የኮንቴይነር ወደብ፣ በ2017 ደግሞ ልዩ ልዩ ጭነት የሚስተናገድበትን ሌላ ወደብ ከፈተች። ከአዲስ አበባ የሚመጣው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም ናጋድ ጣቢያ ይገባል። በበርበራ በ2021 አዲስ የኮንቴይነር ማራገፊያ ተመረቀ፤ በኬንያም የላሙ ወደብ በዚያው ዓመት ሥራ ጀመረ። ጅቡቲ የምትኖረው በወደቧ ስለሆነ ሁልጊዜ ቀድማ መገኘት ግዴታዋ ነው የሚል ሊኖር ይችላል። ክርክሩ ክብደት አለው፤ ወደብ የሌለው ጅቡቲያዊ ወጣት ሥራ ከየት ያገኛል? ነገር ግን የዶራሌ ክሬኖች የሚያነሡት ጭነት አብዛኛው የኢትዮጵያ ነው። ይህ ጭነት በብዛት ወደ ጅቡቲ የዞረውም አንዱ ወደብ ከሌላው ስላማረ አይደለም፤ በ1998 በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል ጦርነት ተነሥቶ የአሰብ መንገድ ስለተዘጋ ነው። በጎረቤት ጠብ የተገኘ ገበያ በጎረቤት ዕርቅ ሊጎድል ይችላልና፣ በጨዋታው ሕግ የሚያስብ ሰው የሁለት ወንድማማቾችን መታረቅ እንደ ሽንፈት ሊቆጥር ነው። ደንቡ የሚያደርሰው እንዲህ ካለው መጥፎ ሐሳብ ላይ ነው።

በየትኛውም የድንቅ ሥራዎች ዝርዝር ውስጥ የማይገቡ ሁለት ነገሮች ደግሞ አሉ። አንደኛው በ2011 ከኢትዮጵያ ወደ ጅቡቲ ኤሌክትሪክ ማምጣት የጀመረው መስመር ነው። ሁለተኛው ከኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል የከርሰ ምድር ውኃ የሚያመጣው ቧንቧ ነው፤ እርሱም በ2017 ተመረቀ። አንዱም ለፎቶግራፍ አያምርም፤ ቧንቧው ከነጭራሹ ከመሬት በታች ነው። ማንም «ቀደምኩህ» ሊልባቸው አይችልም፤ ምክንያቱም አንዱ ጫፍ በአንዱ አገር፣ ሌላው ጫፍ በሌላው አገር ነው። ለጅቡቲ ከተማ እናቶች ግን ከማናቸውም ሐውልት ይልቅ የሚቀርቡ ሥራዎች እነዚህ ናቸው።

በከተማይቱ መካከል ያለው አደባባይ በነጻነት ቀን ስም «የሰኔ 27 ቀን 1977 አደባባይ» ተብሎ ቢሰየምም፣ ብዙ ሰው አሁንም «ምኒልክ አደባባይ» እያለ ይጠራዋል። የቀድሞው ባቡር ዛሬ አይመጣም። በአደባባዩ ዙሪያ ካሉት ቡና ቤቶች በአንዱ የተቀመጠ ሰው ከቧንቧ የተቀዳ ውኃ ቢያዝዝ፣ ከፊሉ ያን ሐዲድ ተከትሎ ይወርድ ከነበረው አገር የመጣ ሊሆን ይችላል።